ሰው ለሦስተኛው ሳምንት ይቆይ፦ ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ለሚያስታምሙ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አባባን ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል የገባ ዕለት ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ አሥራ ስድስት ሰው ነበርን። አክስቶቼ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው፣ የእድሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ የአጎቴ ልጆች ከሥራ ቀርተው። በሃያኛው ቀን ሌሊት ግን የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ፣ ጉሉኮሱ አልቆ ደም ወደ ቱቦው ሲመለስ ያየችልኝ ከጎናችን አልጋ ባሏን የምታስታምም ሴት ናት። ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጋ “እህቴ፣ ተነሺ፣ ሲስተርን ጥሪ” አለችኝ።

አባባ 52 ቀን ተኝቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሰው ባስተኛ ቁጥር ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነው፤ መጀመሪያ የምላቸውም አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሰው አታባክኑ። የቀረው ከዚህ በታች አለ። በልቤ ይዤ የጻፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል የሚያስታምመውን ሰው ነው፤ ጎንደርም ጅማም ሐዋሳም ላለ ብዙ አይለይም።

ደረጃ 1፦ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ኃላፊ መድቡ

እኛ ቤት “አፍ”፣ “ኪስ” እና “ተራ አውጪ” ብለን ጠራናቸው። የመደብናቸው ግን ዘግይተን፣ ከተጎዳን በኋላ ነው።

አፍ ማለት ከሐኪም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ነው። ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ታማሚውን ኢንተርኑም (ትምህርቱን ሊጨርስ የደረሰ ተማሪ ሐኪም)፣ ሬዚደንቱም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም)፣ ሲኒየሩም (ስፔሻሊስቱ) ያዩታል። ኢንተርንና ሬዚደንት ደግሞ በየክፍሉ እየተዘዋወሩ ስለሚሠሩ ቆይታው ከረዘመ ሐኪሙ ሳይቀየርባችሁ አይቀርም። አምስት ዘመድ ለአምስት ሐኪም ጥያቄ ሲያቀርብ አምስት ዓይነት ወሬ ይዞ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ታናሽ እህቴ “ነገ ይወጣል ተባለ” ስትል፣ አጎቴ ደግሞ “ጭንቅላቱ ሊከፈት ነው” ብሎ ዘመድ አሰባስቦ ነበር። በኋላ ስናጣራ አጎቴ የሰማው ስለ ጎረቤት አልጋ ታማሚ ኖሯል። ለአፍነት ዕድሜ አይታይም፤ ደንግጦ የማይቀር፣ የተነገረውን የሚጽፍ ሰው ምረጡ። ስልክ ቁጥሩን ለነርሶቹ አስመዝግቡ።

ኪስ ገንዘብ የሚሰበስበውና የሚከፍለው ነው። ውጭ አገር ያለ ወንድም “እኔ እይዘዋለሁ” ቢላችሁ ልቡን አመስግኑ፣ ኪሱ ግን እዚሁ ያለ ሰው ይሁን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መድኃኒት ሲታዘዝ ዋሽንግተን ያለ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ሊከፍል አይችልም።

ከሦስቱ ከባዱ የተራ አውጪው ሥራ ነው። ሰው ሁሉ መምጣት የሚፈልገው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ድንጋጤውም ፍቅሩም ያኔ ትኩስ ነው። ተራ አውጪው የሚሠራው ይህን ጉልበት ማከፋፈል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰው ይበቃል። “ምን ልርዳ?” ላለ ሁሉ ወዲያው ቀን ይሰጠው፦ “አክስቴ፣ የእርስዎ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ቀን ነው፣ ከቀትር በኋላ።” የሚቀየም ይኖራል። እናቴ “ዘመድ ታስቀይሙብኛላችሁ” ብላ ነበር፤ በኋላ ግን ዝርዝሩን እሷው ይዛ ትደውል ጀመር።

ተራውን እንዲህ ከፈልነው፦ ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 1፣ ከዚያ ሌሊቱ። አንድ ሰው ሁለት ሌሊት አከታትሎ አያድርም። ብዙ ቦታ ለአንድ ታማሚ አንድ የአስታማሚ ካርድ ብቻ ስለሚሰጥ ካርዱ በር ላይ እጅ በእጅ ይተላለፋል፤ ተቀባዩ ሳይመጣ ማንም እንዳይወጣ።

ለተቀጣሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ብርቱ ችግር የገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል፣ በበጀት ዓመቱ ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ። እነዚህን ቀናት በመጀመሪያው ሳምንት አትጨርሷቸው። ታማሚው ራሱ ተቀጣሪ ከሆነ የሕመም ፈቃዱ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ነው። የሐኪም ማስረጃውን በጊዜ ወስዶ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያደርስ ሰው መድቡ፤ ሁሉም የሚረሳው ይህንን ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ደብተር፣ ከአልጋው የማይለይ

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሬዚደንቷ “ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?” ብላ ጠየቀች። አራት ሰው ተፈራርቆ አድሮ ስለነበር አራታችንም ተያየን። “ትናንት ማታ መሰለኝ” አልኩ። “መሰለኝ” የሚለው ቃል እዚያች ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያሳፍር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዕለት ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪቢቶ ገዛሁ፤ እስክሪቢቶውን በክር ከደብተሩ ጋር አሰርኩት፣ ያለበለዚያ ይጠፋል።

ገጹ ይህን ይመስል ነበር፦

“ጥቅምት 14። ሌሊት 8፡00፣ ትኩሳት 38.6፣ ሲስተር ፓራሲታሞል ሰጠች። 9፡30፣ 37.8። ሽንት ከረጢቱ 400 ላይ፣ ጠቆር ያለ። 10፡00፣ በግራ ጎኑ አዞርኩት፣ የቀኝ ተረከዙ ቀልቷል። ንጋት 12፡00፣ ስሙን ስጠራው ዓይኑን ገለጠ።”

ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። ቀን፣ ሰዓት፣ ያያችሁት፣ የተሰጠው፣ የሰጠው ሰው። ቻርቱ (የሕክምና መዝገቡ) የሆስፒታሉ ነው፣ ይህ የእናንተ ነው። ከኋላው ገጽ ጀምራችሁ ደግሞ የመድኃኒት ስም፣ አለርጂ ካለ፣ ከዚህ በፊት የሚወስዳቸው የደም ግፊት ወይም የስኳር ኪኒኖችን መዝግቡ፤ ሐኪም በተቀየረ ቁጥር የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ራውንድ፣ ማለትም ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ታማሚ የሚያዩበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው፤ የዋርዱን ሰዓት ከነርሶቹ ጠይቁና አፉ በዚያ ሰዓት እዚያው ይገኝ። ጥያቄ ከሦስት አይብለጥ፣ ማታውኑ ይጻፍ። ከጥያቄ ሁሉ የጠቀመኝን ልንገራችሁ፦ “ዶክተር፣ አሁን የምንጠብቀው ምንድን ነው?” ረጅም ቆይታ ብዙ ጊዜ የሚረዝመው አንድ ነገር ስለሚጠበቅ ነው፤ የሲቲ ስካን ተራ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ያልተገኘ መድኃኒት፣ የሌላ ክፍል ሐኪም ምክር። እኛ ለአምስት ቀን “እየታየ ነው” ስንባል ከርመን፣ ይህን ስጠይቅ ነው አንድ ውጤት ላቦራቶሪ መስኮት ላይ የሚያነሳው ሰው አጥቶ ተቀምጦ እንደነበር የታወቀው። ሮጦ የሚያመጣ ጎረምሳ ቤተሰብ ውስጥ አይጠፋም።

ነርሶችን “ሲስተር”፣ “ብራዘር” እያላችሁ በስማቸው ጭምር ጥሯቸው። አንዲት ነርስ በሌሊት ስንት አልጋ እንደምትይዝ አንዴ ቆጥራችሁ ብታዩ አነጋገራችሁ ይለወጣል።

ደረጃ 3፦ ገላው ላይ የሚሠራው ሥራ

የአስታማሚ ዋናው ሥራ እዚህ ነው። መርፌውና ምርመራው የባለሙያ ነው፤ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ግን በአገራችን ዋርዶች አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ እጅ ይወድቃል።

መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ በጀርባ፣ በግራ ጎን፣ በቀኝ ጎን። ሌሊትም ጭምር። የስልክ ማንቂያ ሙሉ፣ ንዝረት ላይ አድርጉት፤ ጎረቤት አልጋም ይተኛል። ስትገለብጡ አትጎትቱት፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ሲፋተግ ይላጣል። ሁለት ሰው ሆናችሁ ከሥሩ ያለውን የታጠፈ አንሶላ ከሁለት በኩል ይዛችሁ አንሱት። ከዚያ መቀመጫው በላይ ያለውን አጥንት፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን፣ ክርኑን፣ ጆሮውን እዩ። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ መጥቆር፣ መሞቅ ወይም መጠንከር ካለ ያው ነው። በጣት ጫን ስትሉት መቅላቱ ካልጠፋ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ስለሆነ ለነርስ ንገሩ፤ ቦታውን አትሹት። በጓንት ውሃ ሞልቶ ተረከዝ ሥር ማድረግ በየዋርዱ ታያላችሁ፣ እኛም አድርገነው ነበር፤ ጫናውን አያነሳም። ጋቢ አጥፋችሁ ከባቱ ሥር አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል። የእናቴ ወፍራም ጋቢ እንደዚያ ሆኖ 40 ቀን አገልግሏል።

መመገብ ላይ ደግሞ ፍቅር ሰው ይጎዳል። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊያቅተው ይችላል፤ የዋጠ መስሎ ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ሐኪም “በአፍ ምንም እንዳይሰጥ” ካለ ምንም ማለት ምንም ነው፤ አጥሚትም፣ የማንኪያ ውሃም። አክስቴ “ከንፈሩ ደርቆ እያየሁ?” ብላ አጥሚት ልታጎርሰው ስትል እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ጠበልም እንዲሁ ነው። ግንባሩንና እጁን መርጨት ወይም መቀባት ይቻላል፣ ማጠጣት ግን መዋጡ በሐኪም ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ለደረቀ ከንፈር ንጹሕ ጨርቅ አርጥባችሁ ጨምቃችሁ ማራስ፤ አፉንም በቀን ሁለት ሦስቴ ማጽዳት።

በአፍንጫው በገባች ቱቦ የሚመገብ ከሆነ፣ ወይም በአፉ እንዲበላ ከተፈቀደለት፣ ራሱ በኩል ከፍ ብሎ በግማሽ ቁጭታ ይሁን፤ ከበላ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ይቆይ። ቱቦዋ ከወጣች ወይም ከተንሸራተተች መልሳችሁ አትክተቱ። ሲመገብ ካሳለ፣ ከታነቀ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ አቁሙና ጥሩ።

ኦክስጅኑንና የጉሉኮሱን መቆጣጠሪያ አትንኩ። “ቀስ ብሎ ይወርዳል” ብሎ የሚያፈጥን ዘመድ ሁሌም አንድ አይጠፋም።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም። አልጋው ላይ አትቀመጡ። ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው ባልታጠበ እጅ መሄድ፣ ለደግነት ቢሆንም፣ በሽታ ማዞር ነው።

ወዲያው ነርስ የሚጠራባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ትንፋሽ ሲፈጥን ወይም ሲያጥር፣ በድንገት ሲፈዝ ወይም ሲቃዥ፣ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያመው፣ ሽንት ለሰዓታት ሲጠፋ፣ ከየትም ቢሆን ደም ሲታይ። “ሲነጋ እንናገራለን” አይባልም።

ደረጃ 4፦ ጠያቂና ፌስታሉ

የእኛ ሰው ባዶ እጁን አይጠይቅም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የታሸገ ጁስ። ምግቡን ለታማሚው ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሐኪሙን ጠይቁ፤ ስኳር ላለበት ጁሱ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ደግሞ ሙዙና ብርቱካኑ ባለባቸው ፖታሲየም የተነሳ ጉዳት ያመጣሉ። ለሚጠይቋችሁ ሌላ የሚመጣ ነገር ንገሯቸው፦ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ዳይፐር፣ የእጅ ጓንት፣ ለአስታማሚው ምሳ። ይህን ስንናገር መጀመሪያ አፍረን ነበር፤ የእድራችን ሊቀመንበር ግን በማግስቱ ሁለት እሽግ ዳይፐር በጋቢያቸው ሥር ይዘው መጡ።

ጠያቂ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ለአሥር ደቂቃ። አልጋው ዳር ቆሞ የሚያለቅስን ሰው ወደ ኮሪደር መውሰድ የተረኛው መብት ነው። ታማሚው ባይናገርም ይሰማል ብላችሁ ያዙት፤ አባባ አፉን ከፈታ በኋላ ማን አጠገቡ ቆሞ “ከእንግዲህ ምን ተስፋ አለው” እንዳለ በስም ነግሮናል።

ማታ ማታ አፉ በቴሌግራም ግሩፕ አንድ መልእክት ይልካል፦ ዛሬ ምን ሆነ፣ ነገ ምን ይጠበቃል። ይህ ከተጀመረ በኋላ ስልካችን ሌሊት መጮኽ አቆመ።

ደረጃ 5፦ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ደም

ታማሚው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ መታወቂያው መታደሱን በመጀመሪያው ቀን እዩ። መድኑ ከጤና ጣቢያ በሚነሳ የሪፈር ሰንሰለት ስለሚሠራ የሪፈር ወረቀቱን ዋናውን አስገብታችሁ ኮፒውን ደብተሩ ውስጥ አስቀምጡ። አባል ላልሆነና ለማይችል ሰው ከወረዳው የሚጻፍ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ አለ፤ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በጊዜ አናግሩ፣ ሂሳቡ ከተቆለለ በኋላ አይደለም። የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና እንዲሁም የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው። ታማሚው ካንሰር ያለበት ሕፃን ከሆነና ከክፍለ ሀገር ከመጣችሁ ለማረፊያ ተስፋ አዲስ የተባለውን ድርጅት ጠይቁ።

መድኃኒት መጀመሪያ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ይፈለጋል። ከሌለ “የለም” የሚል ማኅተም ማዘዣው ላይ አስመቱ፤ ገንዘቡን የሚተካ መድን ወይም መሥሪያ ቤት ካላችሁ ማስረጃ ይሆናችኋል። ቀጥሎ ከነማ እና የቀይ መስቀል ፋርማሲዎች፣ ከዚያ የግል። ከመውጣታችሁ በፊት ማዘዣውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ስሙን፣ መጠኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አንብቡ። ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር የሦስት ቀኑን ብቻ ግዙ፤ ሕክምናው ሲቀየር የተከፈተም ያልተከፈተም መድኃኒት መልሶ የሚገዛችሁ የለም። እኔ የአሥር ቀን መርፌ ገዝቼ በሦስተኛው ቀን ተቀየረብኝ። በር ላይ “እኔ አፈጥንላችኋለሁ” የሚላችሁን ሰው እለፉት።

ውጭ ያለ ዘመድ መድኃኒት ሲልክ የንግድ ስሙን ትቶ የመድኃኒቱን ዋና ስምና መጠኑን ይጻፍ፤ ሐኪሙ አይቶት ይሁን ሳይል ምንም አይሰጥ። ኢንሱሊን የመሰለ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ነገር በሻንጣ ሞቆ ከመጣ ዋጋ የለውም።

ደም ሲያስፈልግ ለጋሽ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ለጋሹ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በላይ፣ የመጨረሻ ከለገሰ ሦስት ወር ያለፈው ይሁን። የአዲስ አበባ ሰው ስታዲየም አካባቢ ያለውን ደም ባንክ ያውቀዋል። ለዚያ ሁሉ የመጀመሪያ ሳምንት ጠያቂ የምትሰጡት ጠቃሚ ሥራ ካላችሁ ይህ ነው፦ አሥሩን ወደ ዋርዱ በር ከማከማቸት አራቱን ወደዚያ ላኩ።

ደረጃ 6፦ ለታማሚው ምን ይነገረው?

የእኛ ልማድ ታውቁታላችሁ። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቀን “ለእሱ እንዳትነግረው” እንላለን። መርዶ እንኳ ለሊት ነው የሚነገረው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በሰዓቱ። በዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። አእምሮው ደህና የሆነ ትልቅ ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ ይወስናል፤ የቀዶ ሕክምና የስምምነት ወረቀትም የሚፈርመው እሱ ነው። ስትደብቁት ፊታችሁን ያነባል፣ ብቻውንም ይፈራል። አንድ መካከለኛ መንገድ አለ፤ ታማሚውን ራሱን መጠየቅ፦ “አባባ፣ ሐኪሞቹ የሚሉትን ሁሉ መስማት ትፈልጋለህ ወይስ ለእኔ ይንገሩኝ?” አባባ “እሺ፣ አንቺ ስሚና ቀስ ብለሽ ንገሪኝ” ነው ያለው። ቀስ ብዬ ነገርኩት። በመጨረሻ “መሬቷን ለማን እንዳከራየናት ጠይቂልኝ” አለ። ጉዳዩ ይህ ኖሮ ሳምንት ሙሉ ሲያቃትት ነበር።

ደረጃ 7፦ እናንተስ?

አጭር ነው፤ ብሉ፣ ተራችሁ ሲያልቅ ሂዱ፣ የራሳችሁን ኪኒን አትርሱ። ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ ካርቶን ብቻ አንጥፋችሁ አትተኙ፤ ስፖንጅ ይኑር። “እኔ ካልኖርኩ አይሆንም” የሚል ሰው ቤተሰብ ውስጥ ካለ ተራ አውጪው በግድ ቤት ይላከው። በሃያኛው ቀን ሌሊት እኔን የላከኝ አልነበረም።

ደረጃ 8፦ መውጫውን ቀደም ብላችሁ አዘጋጁ

“ነገ ትወጣላችሁ” የሚለው ቃል ድንገት ነው የሚመጣው። ከመውጣታችሁ በፊት የመውጫ ማጠቃለያ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ የበሽታው ስም፣ የተሰጠው ሕክምና፣ የሚቀጥሉት መድኃኒቶች፣ የቀጠሮው ቀን መኖራቸውን እዚያው አንብቡ። እያንዳንዱን ኪኒን አንሥታችሁ “ይህ ለምንድን ነው፣ መቼ፣ እስከ መቼ?” በሉ። ቁስል ካለ ማን ያጥባል፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካለ መቼ ይቀየራል፣ ፊዚዮቴራፒው የት ይቀጥላል? ነርሷ እያየቻችሁ አንዴ በእጃችሁ አድርጉት፤ ማየት ብቻውን አይበቃም።

ቤቱንም እዩት። አባባን ከታክሲ ካወረድን በኋላ ነው በራችን ላይ ሦስት ደረጃ እንዳለ ትዝ ያለን፤ የሰፈር ልጆች ከነወንበሩ አንሥተው አስገቡት። የፕላስቲክ ወንበራችንንና ስፖንጁን ባሏን ለምታስታምመው ሴት ትተንላት ወጥተናል፤ እሷ ገና ነበረች። ደብተሩን ይዤው ነው የመጣሁት። በቀጠሮው ቀን ያገኘነው ሐኪም አዲስ ስለነበር ማጠቃለያውን አንብቦ ሲጨርስ ደብተሩን ተቀበለኝና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያገላብጥ ጀመር።